ኮላጅን ዱቄት የጠጣችሁ እስቲ እውነቱን ንገሩኝ (ከደብረ ብርሃን)

ጠባሴዋ | ኅዳር 9፣ 2018 | ከምሽቱ 3:10

ሰላም ለዚህ ቤት። ዝም ብዬ የማነብ ነበርኩ፤ ዛሬ ግን ቸግሮኝ መጣሁ።

38 ዓመቴ ነው። ሥራዬ ቅየሳ ነው። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ሜዳ ላይ ቶታል ስቴሽን (የቅየሳ መለኪያ መሣሪያ) ተክዬ ቆሜ እውላለሁ። ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ ፎቶ አነሳችን። ሳየው ደነገጥኩ። የዓይኔ ዳር ተጨማዷል። ጉንጬ ላይ ያለው ማድያት ቡና የፈሰሰበት ነጠላ መስሏል። ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። የምበልጣት 2 ዓመት ነው። ፎቶው ላይ ግን እናትና ልጅ ነው የምንመስለው።

ከዛማ ቲክቶክ ገባሁ። አንዴ ካየሁ በኋላ ሌላ ነገር ማምጣት ትቶ ኮላጅን በኮላጅን አደረገኝ። ከአንድ የቴሌግራም ቻናል 300 ግራም ዱቄት በ6,800 ብር አዘዝኩ። በሚኒባስ ተልኮ መጣልኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጦ ያየኛል፤ አልከፈትኩትም።

ይሠራል ወይ? ደግሞ ከከብት ቆዳ የተሠራ ነው ይላል፤ ሰኞ የነቢያት ጾም ይገባል። ምን ላድርገው?

---

የመንዝ ብርድ | ኅዳር 9 | ከምሽቱ 3:22

6,800 ብር? በስማም። ትንሽ ጨምረሽበት ጠቦት ገዝተሽ መረቁን ብትጠጪ አይሻልም ነበር? ኪኪኪ

---

ውበት በእጅ | ኅዳር 9 | ከምሽቱ 3:25

የኔ ቆንጆ እንኳን ደስ አለሽ ምርጥ ውሳኔ ነው!! በ7 ቀን ውስጥ ፊትሽ እንደ ሕፃን ይሆናል ማድያት ድራሹ ይጠፋል የኛ ግን ኦሪጅናል ስለሆነ ኢንቦክስ

*[ቀሪው ተሰርዟል። እዚህ መሸጥ ክልክል ነው። አወያይ]*

---

ፋርማሲስቱ ከደብረ ሲና | ኅዳር 9 | ከምሽቱ 4:40

እህቴ፣ ሳትከፍቺው መጠየቅሽ ጥሩ ነው። ትንሽ ረዘም ይልብኛል፣ ታገሺኝ።

ኮላጅን ፕሮቲን ነው። ሰውነታችን ውስጥ ካለው ፕሮቲን ሲሶ ያህሉ እሱ ነው። ቆዳን፣ ጅማትን፣ አጥንትን አጥብቆ የያዘው እሱ ነው። ከ20ዎቹ ዕድሜ በኋላ ቆዳችን የሚሠራው ኮላጅን እየቀነሰ ይሄዳል። እስከዚህ ድረስ ሻጮቹም እውነት ነው የሚናገሩት።

ችግሩ ከዚህ በኋላ ነው። ዱቄቱ ሆድሽ ሲገባ "እኔ የመጣሁት ለፊት ነው" ብሎ አያልፍም። እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይፈጫል፤ ወደ አሚኖ አሲድና ወደ ትንንሽ ፔፕታይድ (የፕሮቲን ቁርጥራጭ) ይለወጣል። ከፔፕታይዶቹ አንዳንዶቹ ሳይፈጩ ደም ውስጥ እንደሚገቡ ተለክቶ ታይቷል። እነሱ ቆዳ ውስጥ ያሉትን ሴሎች "ኮላጅን ሥሩ" ብለው ይቀሰቅሳሉ የሚል ሐሳብ አለ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም።

ጥናቶቹስ? በ2023 (በፈረንጆቹ) 26 ሙከራዎችን፣ 1,721 ሰዎችን አንድ ላይ ያየ ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። የቆዳ እርጥበትና የመለጠጥ አቅም ተሻሽሏል ይላል። በ2025 ደግሞ ሌላ መጣ። ይኼኛው 23 ሙከራዎችን ሰብስቦ አንድ ነገር ለየ፦ ገንዘቡን ማን ከፈለ? በኩባንያ ገንዘብ ከተሠሩት ውጭ ያሉትን ብቻ ሲያይ ለውጡ ጠፋ። በጥሩ ጥራት የተሠሩትን ብቻ ሲያይም እንደዛው።

እኔን ከጠየቅሽኝ፦ ቢሠራም የሚሠራው ትንሽ ነው። እሱም በቀን ከ2.5 እስከ 10 ግራም፣ ሳያቋርጡ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ወስደው ነው። በ7 ቀን የሚባለውን እርሺው። በቀን 10 ግራም ብትወስጂ ያንቺ ዕቃ 30 ቀን ነው የሚቆየው። ለ3 ወር 3 ዕቃ ያስፈልግሻል ማለት ነው። አስይው።

ማድያት ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የቀለም ነገር ነው። ኮላጅን አይነካውም።

---

ጠባሴዋ | ኅዳር 9 | ከምሽቱ 4:52

3 ዕቃ? 20,400 ብር። እሺ። ትንሽ ውሃ ልጠጣ።

---

ሌጦ ነጋዴው | ኅዳር 10 | ከጠዋቱ 1:15

እኔ ዶክተር አይደለሁም። ግን ከቆዳ ጋር 20 ዓመት ኖሬአለሁ፤ መጀመሪያ ፋብሪካ ውስጥ፣ አሁን በራሴ ሌጦ እሰበስባለሁ።

ኮላጅን የሚሉትን ማየት ከፈለግሽ ፋብሪካ ነይ። የበግ ሌጦ በኖራ ውሃ ይነከራል። ሱፉ ይወርዳል፤ ላዩም ታቹም ይገፈፋል። የሚቀረው ነጭ፣ ወፍራም፣ እንደ ዓሣ ከእጅ የሚያመልጥ ነገር ነው። ውሃውን ትተሽ ከሆነ አብዛኛው ኮላጅን ነው። ከሱ ላይ የሚቆረጠውን ቁርጥራጭ ብትቀቅይው ጄላቲን ይወጣዋል። የድሮ አናጢ ወንበር የሚያያይዝበት ሙጫ ከዚሁ ነበር የሚሠራው። ስለዚህ 6,800 ብር የከፈልሽው ለሙጫ የአጎት ልጅ ነው፣ አትቀየሚኝ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ገጠር ሰው በግ ያርድና ሌጦውን ፀሐይ ላይ ወጥሮ ይረሳዋል። ሲያመጣልኝ እንደ ቆርቆሮ ይንኳኳል። ስታጥፊው ይሰነጠቃል። ዋጋ የለውም። ጥላ ሥር የደረቀው ግን ይታጠፋል፣ ይለፋል፣ ጫማ ይሆናል። በጉ አንድ ነው፤ የታረደውም በአንድ ቀን ነው። ቆመሽ የምትውይው የት ነው ያልሽው?

---

ፋርማሲስቱ ከደብረ ሲና | ኅዳር 10 | ከጠዋቱ 2:05

ሌጦ ነጋዴው፣ እኔ ያን ሁሉ ጽፌ ያልነገርኳትን ነገርካት። በሕይወት ያለ ቆዳ ላይ አካሄዱ ይለያል፤ እዚያ መድረቅ አይደለም ዋናው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ቆዳ ውስጥ ኮላጅን የሚቆርጡ ኤንዛይሞችን ያስነሳል። ቀን በቀን ይቆርጣሉ። እኛ ደግሞ በማንኪያ እንሞላዋለን ብለን እንለፋለን። ሲጋራም እንደዚሁ ነው የሚያደርገው።

---

ጡረተኛው መምህር | ኅዳር 10 | ከጠዋቱ 4:30

ልጄ ጠባሴዋ፣ 31 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁና የማውቀውን ላዋጣ።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። አስሊው። ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የሚያጣራልሽ የለም። ኬክሮሳችን ደግሞ ወደ 10 ዲግሪ ሰሜን ይጠጋል። ስለዚህ ፀሐይ በዓመት 2 ጊዜ ቀጥ ብላ አናታችን ላይ ትቆማለች፤ አንዴ በሚያዝያ መጀመሪያ፣ አንዴ በነሐሴ ማለቂያ። ያኔ እኩለ ቀን ላይ የተተከለ እንጨት ጥላ የለውም። ተማሪዎቼን አስወጥቼ አሳያቸው ነበር። የነሐሴውን ግን ደመና ይጋርደናል፤ ክረምት ነው።

ዋናው አታላይ ብርዱ ነው። ሰው የሚፈራው ሙቀትን ነው። በኅዳር ውርጭ ጋቢ ደርቦ ፀሐይ ሲሞቅ የሚጎዳው አይመስለውም። ሙቀትና አልትራቫዮሌት ግን የተለያዩ ናቸው።

---

ኢፋት ልጅ | ኅዳር 10 | ከቀኑ 6:50

መምህር አላህ ይስጥልን። እኔ ሸዋ ሮቢት ነኝ። እኛ ጋ ሙቀቱ ያቃጥላል፤ ሁሌ "እናንተ ደጋዎች ምን አለባችሁ" እላቸው ነበር። ለካ በጨረር እኛው እንሻላለን!

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። እነዚህ ዱቄቶች ሐላል መሆናቸውን በምን እናውቃለን?

---

ፋርማሲስቱ ከደብረ ሲና | ኅዳር 10 | ከቀኑ 7:20

ዕቃው ጀርባ ላይ ምንጩ ይጻፋል። "ቦቫይን" ካለ ከከብት ነው። "ማሪን" ካለ ከዓሣ ነው። "ፖርሳይን" ካለ ከአሳማ ነው፤ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም አይሆንም። ዝም ብሎ "ኮላጅን" ብቻ ካለ አትግዙ። ካፕሱል ከሆነ ደግሞ ሽፋኑም ራሱ ብዙ ጊዜ ከጄላቲን ነው የሚሠራው፤ የሱንም ምንጭ እዩ።

ዓሣ የማይስማማው ሰው ማሪን አይንካ። ኩላሊቱ ጠጠር ይዞት የሚያውቅ ሰውም ሐኪም ሳይጠይቅ አይጀምር። ኮላጅን ውስጥ ያለው ሃይድሮክሲፕሮሊን ሰውነት ውስጥ ወደ ኦክሳሌት ይለወጣል፤ አብዛኛው ጠጠር የሚሠራው ከሱ ነው። እርጉዝና የምታጠባም ትጠይቅ።

---

ሰንበቴ ጠጪ | ኅዳር 10 | ከቀኑ 8:00

የጾሙን ማንም ስላልመለሰላት እኔ ልመልስ። ከከብት ከሆነ የፍስክ ነው፣ አለቀ። ዱቄት ስለሆነ ጾም አይሆንም፤ ቅቤም ቢደርቅ ቅቤ ነው። የዓሣውን እንኳ ሰው ይከራከርበታል፤ የሚበላ አለ፣ የማይበላ አለ። የንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

---

ጣርማበር በሌሊት | ኅዳር 10 | ከምሽቱ 1:35

ሹፌር ነኝ። ከደሴ አዲስ አበባ አይሱዙ እነዳለሁ፣ 17 ዓመት ሆነኝ። ይህን ሳነብ መኪናውን አቁሜ ሁለቱን ክንዴን ጎን ለጎን አየኋቸው። ግራው በመስኮት በኩል ያለው ነው። ከቀኙ ይጠቁራል፣ ይሻክራል፤ የአባቴ ክንድ ነው የሚመስለው። በመስታወት ፊቴን ሳይ በግራ ዓይኔ በኩል ያለው ሽብሽብ ይበዛል። ሚስቴ ከዚህ በፊት ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም።

ወንድ ልጅ ስለዚህ ሲጠይቅ ያፍራል እንጂ እኔም እፈልጋለሁ። መስኮት ብዘጋ ይከለክለዋል?

---

ጡረተኛው መምህር | ኅዳር 10 | ከምሽቱ 2:10

በከፊል ነው ልጄ። መስታወት ቆዳ የሚያቃጥለውን "ቢ" የሚባለውን ጨረር ይይዛል። "ኤ" የሚባለው ግን በጎን መስኮት ያልፋል። ወደ ቆዳ ጠለቅ ብሎ የሚገባውም እሱ ነው። እጅጌ ያለው ሸሚዝ ልበስ። የሚያሳፍር ነገር የለውም።

---

እናት ሞላሌ | ኅዳር 11 | ከጠዋቱ 3:00

ልጆቼ፣ የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ። እኛ ኮላጅን የሚባል አናውቅም። አራስ ስንጠይቅ፣ እግሩ የተሰበረ ሲኖር የበግ እግር እንቀቅላለን። በእሳት ለብልበሽ ጸጉሩን ታወርጂዋለሽ፣ በቢላ ትፍቂዋለሽ፣ ታጥቢዋለሽ። ከዛ በዝግታ እሳት ከጠዋት እስከ ማታ ይውላል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጨው። ብርድ ባለበት ሌሊት ድስቱን መስኮት ላይ ብታሳድሪው ጠዋት መረቁ ረግቶ ታገኚዋለሽ። ማንኪያ ብታቆሚበት ይቆማል። ስትነቀንቂው ይርገበገባል። ያ አይደለም ወይ የምትሉት?

---

ፋርማሲስቱ ከደብረ ሲና | ኅዳር 11 | ከጠዋቱ 3:40

እማማ፣ እሱ ራሱ ነው! የሚያረጋው ጄላቲን ነው፤ ጄላቲን ማለት የተቀቀለ ኮላጅን ነው። ዱቄቱ የሚለየው የበለጠ ተቆራርጦ ስለሆነ ነው፤ ስለዚህ በቀዝቃዛ ውሃም ይሟሟል፣ አይረጋም።

መረቁ ፊት ያሳምራል አልልም። ምግብነቱ ግን ጥሩ ነው። ሰው የማያውቀው ነገር፦ ኮላጅን ብቻውን ሙሉ ፕሮቲን አይደለም። ትሪፕቶፋን የሚባለው አሚኖ አሲድ ጭራሽ የለውም። በፕሮቲን ከሆነ እንቁላልም፣ ምስርም፣ ባቄላም ይበልጡታል። 10 ግራም ዱቄት በፕሮቲን ብዛት 2 እንቁላል አይሞላም።

ሰውነት ራሱ ኮላጅን ሲሠራ ደግሞ ቫይታሚን ሲ የግድ ያስፈልገዋል። እሱ ሲጠፋ ነው ድሮ መርከበኞች ድዳቸው እየደማ፣ የዳነ ቁስላቸው እየተከፈተ የሚሞቱት። ከሽሮሽ ጋር ጥሬ ቃሪያ ብዪ። ብርቱካን ብዪ። ጾምም አይከለክልሽም።

---

የመንዝ ብርድ | ኅዳር 11 | ከጠዋቱ 3:44

ጠቦት ግዢ ስል ስቃችሁ ነበር።

---

ጠባሴዋ | ኅዳር 11 | ከምሽቱ 2:30

ዕቃውን አየሁት። ልንገራችሁ።

ከፊት "ኮላጅን ከግሉታታይን ጋር፣ ቆዳ ያነጣል" ይላል። መንጣት ማን ጠየቀ? ከኋላ "ቦቫይን" አለ። የአምራቹ ስም እንጂ አድራሻ የለውም፣ አገርም የለውም። ከሥሩ የሚያበቃበት ቀን በነጭ ተለጣፊ ወረቀት ተጽፏል፣ 2027 ይላል። ተለጣፊው ትንሽ ጠመም ብሏል። በጥፍሬ ጫፉን ፋቅሁት፤ ተነሳ። ከሥሩ ፕላስቲኩ ላይ የታተመ ሌላ ቀን አለ። ያለፈው ዓመት ነው።

ፎቶ አንስቼ ለሻጩ ላክሁለት። አየው፤ ሁለቱም ምልክት ሰማያዊ ሆነ። ከዛ ብሎክ አደረገኝ።

---

ጣርማበር በሌሊት | ኅዳር 11 | ከምሽቱ 2:33

ወይ ጉድ!

---

ፋርማሲስቱ ከደብረ ሲና | ኅዳር 11 | ከምሽቱ 3:05

አትቅመሺው። ፎቶውን ያዢና ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አመልክቺ። ገንዘብሽ ላይመለስ ይችላል፤ ሌላ ሰው ግን ይተርፋል። አስመጪው ያልታወቀ፣ በትክክለኛ ሱቅ ያልመጣ ነገር ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም።

"ያነጣል" የሚል ነገር ሲያጋጥማችሁ ሁሌ ሸሹ። ገበያ ላይ ሴቶቹ "ቅልቅል" የሚሉት ክሬም አለ፤ ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ አለበት። መጀመሪያ ፊት ያበራል። ወራት ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳዋል፣ ደም ሥር ያወጣል፣ ብጉር ያፈላል። ስታቆሚው ደግሞ ፊት እሳት ይሆናል። ፋርማሲዬ የሚመጡትን አይቼ ነው የምለው። ስለ ኮላጅን የምጨነቀውን ያህል እጥፍ ስለዚህ እጨነቃለሁ።

---

ኢፋት ልጅ | ኅዳር 12 | ከጠዋቱ 4:15

እሺ ምን ታድርግ ታዲያ? ሁሉንም ከለከላችኋት።

---

ፋርማሲስቱ ከደብረ ሲና | ኅዳር 12 | ከቀኑ 6:30

ልክ ነሽ።

የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ የመከላከል ቁጥሩ (SPF) 30 እና ከዛ በላይ፣ "ኤ"ንም "ቢ"ንም የሚከላከል። አውስትራሊያ ውስጥ በ903 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት አለ፤ በ2013 (በፈረንጆቹ) ነው የወጣው። ግማሹ በየቀኑ ተቀባ፣ ግማሹ እንደፈለገ ሆነ። ከ4 ዓመት ተኩል በኋላ በየቀኑ የተቀቡት የቆዳቸው እርጅና በ24 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ኮላጅን ዱቄት እንዲህ ያለ ነገር የለውም።

ሰው ግን በጣም ስስ አድርጎ ነው የሚቀባው። በሁለት ጣትሽ ርዝመት ልክ አውጪ፣ ለፊትና ለአንገት። ሜዳ ላይ ከሆንሽ በየ2 ሰዓቱ ድገሚ። ማድያት ካለ ደግሞ ቀለም ያለውን፣ ቡናማውን ምረጪ። ማድያትን የሚታየው ብርሃንም ያባብሰዋል፤ ነጩ እሱን አይከለክልም። ጥቁር ቆዳ ላይም ኖራ የተቀባ አይመስልም።

ሰፊ ባርኔጣ። ነጠላ አንድ እጥፍ ብቻ ከሆነ ብርሃኑ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ አንስተሽ እዪው። ለደረቀው ቆዳ ፊትሽን ታጥበሽ ውሃው ሳይደርቅ ቫዝሊን።

ለሽብሽቡ ትሬቲኖይን የሚባል ቅባት አለ፤ በሐኪም ትዕዛዝ ነው። ቆዳ ውስጥ ኮላጅን እንዲሠራ የሚያደርግ መሆኑ በደንብ የተረጋገጠው እሱ ነው። ለማርገዝ ያሰበች አትጠቀምም። በመጀመሪያው ወር ፊት ይልጣል፣ አትደንግጪ። ከሁሉ በፊት ግን የቆዳ ሐኪም ማድያቱን ይየው።

---

ስሜ ይቆይ | ኅዳር 12 | ከቀኑ 9:20

ለእናቴ ጉልበት ኮላጅን ልገዛ ነበር። እሱስ?

---

ፋርማሲስቱ ከደብረ ሲና | ኅዳር 12 | ከቀኑ 9:50

ለብቻው ክር ክፈትለት፣ እመልስልሃለሁ። እዚህ ከገባን አንወጣም።

---

ጠባሴዋ | ጥር 6፣ 2018 | ከምሽቱ 2:45

ሰላም፣ እንኳን ከገና በሰላም አደረሳችሁ። እንዴት ሆንሽ ላላችሁኝ ነው።

የቆዳ ሐኪም አየኝ። ማድያት ነው አለ፤ ለማታ የሚቀባ ነገር አዘዘልኝ። ቡናማውን ሰንስክሪን አዲስ አበባ እህቴ ገዝታ ላከችልኝ። የመጀመሪያ ቀን በሁለት ጣት ልክ ስቀባ በጣም ብዙ መስሎኝ ነበር። ለካ እስከዛሬ ስቀባ የነበረው የሩቡን ሩብ ነው።

ባርኔጣ ገበያ ላይ አጣሁ። ሁሉም ለስታይል የተሠራ፣ ጠርዙ ሁለት ጣት። መጨረሻ ላይ አንድ ልብስ ሰፊ ከድሮ የድንኳን ሸራ ሰፋልኝ፣ ትከሻዬ ድረስ ይጋርዳል። በኋላ በኩል አንገት የሚሸፍን ጨርቅ አለው። ሥራ ቦታ "ንብ አናቢዋ" ነው የሚሉኝ አሁን። ባለፈው ሳምንት ግን ፎርማኑ መጥቶ በቀስታ "የሰፊውን ስልክ ስጪኝ" አለኝ።

ማድያቱ ትንሽ ፈዘዝ ብሏል። ትንሽ ነው ታዲያ። ሽብሽቡ እንዳለ ነው። ሐኪሙ ወራት ይፈጃል ብሎኛል።

ዱቄቱ እስካሁን መደርደሪያ ላይ አለ። ጊዜው እንዳለፈበት አውቃለሁ። መጣል ግን እጄ እምቢ አለኝ።

---

የመንዝ ብርድ | ጥር 6 | ከምሽቱ 2:51

ሌጦ ነጋዴው የሙጫ የአጎት ልጅ ነው ብሎ የለ? የተላቀቀ ወንበር ፈልጊለት።

---

ሌጦ ነጋዴው | ጥር 6 | ከምሽቱ 3:30

አይይዝም። ፋርማሲስቱ ነግሯችሁ የለ፣ ከመጠን በላይ ተቆራርጧል። ለወንበርም አይሆን።